የሆድ ትልና ትምህርት ቤት

ልጅ ከትምህርት ቤት ሲቀር ብዙዎቻችን የምንለው አንድ ነው። «ሰነፍ ነው» እንላለን። ወይም ከብት ጥበቃውን፣ ውሃ መቅዳቱን እናነሣለን። እርግጥ ይህም አለ። ዛሬ የምንነግራችሁ ግን ሌላ ምክንያት ነው። እሱ የሚኖረው በልጁ ሆድ ውስጥ ነው።

ነገሩ የሆነው በጎረቤታችን በኬንያ ነው። ቡሲያ የሚባል አገር አለ። በምዕራብ በኩል፣ በኡጋንዳ ድንበር ላይ ይገኛል። (ዓመቶቹን የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) በ1990ዎቹ ዓመታት አንድ የእርዳታ ድርጅትና አጥኚዎች እዚያ አብረው ይሠሩ ነበር። ከአጥኚዎቹ አንዱ ማይክል ክሬመር፣ ሌላው ኤድዋርድ ሚጌል ይባላሉ። ጥያቄያቸው አጭር ነበር። ለልጆች ትምህርት የሚሆን ገንዘብ ቢገኝ በምን ላይ ቢውል ይሻላል?

መጀመሪያ የመማሪያ መጽሐፍ ታድሎ ታየ። መጽሐፍ አይጠቅምም የሚል ማነው? ይሁን እንጂ የአብዛኛው ልጅ ውጤት ንቅንቅ አላለም። የተጠቀሙት ቀድሞም ጎበዝ የነበሩት ናቸው። ለምን ቢባል፣ መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ለብዙዎቹ ልጆች ደግሞ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋቸው ነው። ታዲያ የማያነቡት መጽሐፍ ምን ያደርግላቸዋል? ፊደል ዘግይታችሁ የቆጠራችሁ አንባቢዎቻችን ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ።

ቀጥሎ የሆድ ትል ነገር ተነሣ። እኛ አገር ትል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ኮሶን ነው። ይህ ሌላ ነው። የወስፋት እንቁላል ባልታጠበ እጅና ምግብ ወደ አፍ ይገባል። መንጠቆ ትል የሚባለው ደግሞ በእርጥብ አፈር ውስጥ ይቆያል። በባዶ እግር ሲረገጥ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ከዚያ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። ደሙ ያነሰ ልጅ ይደክመዋል፣ መንገዱ ይረዝምበታል። በቡሲያ ከተመረመሩት ከ100 ልጆች 92ቱ ቢያንስ አንድ ዓይነት ትል ነበረባቸው።

ለጥናቱ 75 ትምህርት ቤቶች ተመርጠው በሦስት ተከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ 25 የትል ኪኒን በ1998 ጀመሩ። ሁለተኛዎቹ በ1999፣ ሦስተኛዎቹ በ2001 ጀመሩ። «ለምን ለሁሉም ባንድ ጊዜ አልተሰጠም?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንደኛ፣ አቅም ባንድ ጊዜ ለሁሉም አልደረሰም። ሁለተኛ፣ ገበሬ አዲስ ዘር ሲሞክር ማሳውን በሙሉ አይዘራበትም። ከፊሉን በአዲሱ፣ ከፊሉን በለመደው ዘርቶ ጎን ለጎን ያያል። አጥኚዎቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሰው ሳይነገረው በድንገት ወደየትምህርት ቤቱ እየሄደ፣ የመጣውንና የቀረውን ልጅ ቆጠረ።

ኪኒኑ በተሰጠባቸው ትምህርት ቤቶች ከትምህርት መቅረት በሩብ ያህል ቀነሰ። ኪኒኑን ያልዋጡ ልጆችም እኮ ተጠቀሙ! የአንዱ ልጅ ሰገራ ትል ካልያዘ፣ ሌላው የሚረግጠው አፈር ይጸዳል።

ሁሉም ግን አልሰመረም። የፈተና ውጤት በዚያን ጊዜ ከፍ አላለም። በ2015 ሌሎች ምሁራን ቁጥሩን እንደገና አስልተው ተከራክረዋል። ክርክሩን አንጠላውም፤ ሚዛንም ሁለት ጊዜ ቢመዘንበት አይከፋም። በ2021 የወጣ ጥናት ደግሞ ልጆቹን ከ20 ዓመት በኋላ ፈልጎ አገኛቸው። ኪኒኑን ለተጨማሪ ዓመታት የወሰዱት፣ ሌላው በሰዓት 100 ሲያገኝ እነሱ 113 ያህል ያገኙ ነበር።

አንድ ነገር በተለይ ልብ በሉልን። በ2001 በአንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች ወላጆች ለኪኒኑ ጥቂት ገንዘብ እንዲከፍሉ ተጠየቁ። በነጻ ሲሰጥ ከ100 ልጆች 75ቱ ይወስዱ ነበር። ክፍያ ሲመጣ ወደ 18 ወረዱ። ወላጆቹ ልጃቸውን ጠልተው አይደለም። ትል እንደ ወባ አያንቀጠቅጥም። ቀስ እያለ ነው የሚጎዳው። ኪሱ የሳሳ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚከፍለው ለሚጮኸው በሽታ ነው። ስለዚህ ይህ ኪኒን በነጻ መታደል አለበት ባዮች ነን።

ኢትዮጵያም በ2015 በትምህርት ቤቶች የትል ኪኒን ማደልን በአገር አቀፍ ደረጃ ጀምራለች። በአካባቢያችሁ የሚታደልበት ቀን ሲነገር፣ ትምህርት ቤት ያልገባውን፣ ከብት የሚጠብቀውንም ልጅ ይዛችሁ ሂዱ። ቁርሱን ግን አስቀድማችሁ አብሉት።