ደመወዝተኛ ሠራተኛ ያንኑ ሥራ በነጻ ሊሠራ ይችላልን?

በአገራችን ቤት ተቃጥሎ ኡኡታ በተሰማ ጊዜ ጎረቤት ሁሉ ውኃ በእንስራ ይዞ ይሮጣል እንጂ ዋጋዬ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። በአሜሪካም ነገሩ እንዲሁ ነበረ፤ ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1736 ዓመት (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) በፊላደልፊያ ከተማ ያቋቋመው የእሳት አጥፊዎች ማኅበር ደመወዝ የማይቀበሉ ሰዎች ማኅበር ነበረ። ዛሬም በዚያ አገር ከእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚበዙት በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ናቸው። ነገር ግን ከተሞች እየሰፉ በሄዱ ጊዜ ማዘጋጃ ቤቶች ደመወዝተኛ እሳት አጥፊ ስለ ቀጠሩ፥ ሠራተኛው ሰዓቱን ከፈጸመ በኋላ ያንኑ ሥራ በነጻ እሠራለሁ ቢል ይፈቀድለታልን? የሚል ጥያቄ ተነሣ።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ በጎ ላድርግ የሚለውን ሰው ሕግ ስለ ምን ይከለክለዋል ትሉ ይሆናል። ነገሩ የሚታወቀው ከትርፍ ሰዓት ሕግ በመነሣት ነው። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1938 ዓመት በፈረሙት ሕግ መሠረት፥ ከ1940 ዓመት ጀምሮ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ የሠራ ሰው ለትርፉ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈለዋል። ይህ ሕግ ከተሞችንና ክፍላተ ግዛትን ያስገድዳል ወይስ አያስገድድም የሚለው ክርክር ብዙ ዘመን ቆይቶ፥ በ1985 ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከሳን አንቶንዮ ከተማ በመጣው ጉዳይ ያስገድዳል ሲል ፈረደ። ከተሞቹ ወጪውን ፈርተው ስለ ጮኹ ኮንግሬስ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ሕጉን አሻሻለ። በገንዘብ ፋንታ ለአንድ ትርፍ ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ዕረፍት መስጠት ተፈቀደ፤ ለፖሊስና ለእሳት አጥፊ እስከ 480 ሰዓት ሊጠራቀም ይችላል፥ ከዚያ የሚያልፈው ግን በገንዘብ ይከፈላል። ደግሞም እሳት አጥፊ ሌሊቱን በጣቢያ የሚያድር ስለ ሆነ፥ ከተማው የ28 ቀን ስሌት ከመረጠ፥ ትርፉ የሚቈጠረው ለእሳት አጥፊ ከ212 ሰዓት፥ ለፖሊስ ከ171 ሰዓት በኋላ ነው።

ስለ በጎ ፈቃደኞችም ሕጉ አንድ ድንበር አኖረ፤ ይኸውም አሠሪው አንድ፥ ሥራውም አንድ ዓይነት ከሆነ ሰውየው በጎ ፈቃደኛ አይባልም የሚል ነው። የከተማው እሳት አጥፊ ለዚያው ከተማ በነጻ እሳት ሊያጠፋ አይችልም። ነገር ግን የከተማው ፖሊስ ከተማው በሚያዘጋጀው የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ዳኛ ቢሆን፥ የመናፈሻው ሠራተኛም በዕረፍቱ እሳት ቢያጠፋ የሚከለክለው የለም። የጎረቤት ከተማን መርዳትም የተፈቀደ ነው፤ ሁለቱ ከተሞች የመረዳዳት ውል ቢኖራቸው እንኳ ስለዚህ ብቻ እንደ አንድ አሠሪ አይቈጠሩም።

የዚህ ድንበር ጥቅም የሚታየው በሠራተኛው ቤት ነው። አለቃው፥ «እገሌ፥ እሑድ ብትመጣ ደስ ይለናል፥ ክፍያ ግን የለም» ቢለው፥ ሹመቱና ዕድገቱ በዚህ አለቃ እጅ ያለ ሰው እንዴት እንቢ ይላል? ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ብቻዋን ትውላለች፤ በወረቀት ላይ ግን ወዶ መጣ ተብሎ ይጻፋል። በዚያው በ1985 ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ የሃይማኖት ድርጅት ያሠራቸውን ሰዎች ጉዳይ መርምሮ ነበረ። ሰዎቹ ራሳቸው ደመወዝ አንፈልግም ብለው ቢመሰክሩም፥ ምግብና ልብስ መጠለያም እየጠበቁ ስለ ሠሩ ሠራተኞች ናቸው ብሎ ፈረደ፤ ይህ ባይሆን ኃይለኛ አሠሪ ሠራተኛውን እያስገደደ ወድጄ ነው ያሰኘዋልና። በእኛ አሳብ ይህ ፍርድ የሰውን ጠባይ በሚገባ የተመለከተ ነው።

ለእውነተኛው በጎ ፈቃደኛ ጥቂት ማበረታቻ መስጠት አልተከለከለም። የሥራ ሚኒስቴሩ መመዘኛ ለዚያ ሥራ ለሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ከሚከፈለው ከመቶ 20 እጅ እንዳያልፍ ነው። ሕጉን የጣሰ ከተማ ግን ያልከፈለውን ትርፍ ይከፍላል፥ ያንኑም ያህል ካሣ ይጨመርበታል፤ ክሱ ወደ ኋላ ሁለት ዓመት፥ ዐውቆ ያጠፋ እንደ ሆነ ሦስት ዓመት ይቈጥራል።

ሆኖም ድንበሩ ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም። በቨርጂንያ ቢች ከተማ ሕመምተኞችን የሚያነሡት ራሳቸውን የቻሉ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበራት ነበሩ፤ የከተማው እሳት አጥፊዎችም በዕረፍታቸው በእነርሱ ዘንድ ያገለግሉ ነበር። በኋላ ግን ያገለገልነው ከተማውን ነውና ትርፍ ሰዓታችን ይከፈለን ብለው ከሰሱ። የይግባኙ ፍርድ ቤት በ1999 ዓመት፥ ማኅበራቱ ከከተማው የተለዩ ስለ ሆኑ ከተማው አይከፍልም አለ። ለሕሙማን ይህ መልካም ነበረ፥ አምቡላንሱ ሰው አላጣምና። ሰዓቱን የቈጠረው ሠራተኛ ግን ወደ ቤቱ ባዶ እጁን ተመለሰ።