ጥርስ ባዳ ነውን?

አበው «ጥርስ ባዳ ነው» ይላሉ። ልብ እያዘነ ጥርስ ይስቃልና፤ ከባለቤቱ ጋር ሳይመክር ለመጣው ሁሉ ብልጭ ይላልና። አባባሉ ለሐዘንና ለትዝብት የተነገረ ነው። ይሁን እንጂ በሕክምናውም ረገድ ለጥርሳችን ያለን አቋም ይኸው ይመስለኛል። ዓይናችንን ቢያመን ለማዳን አገር እናቋርጣለን፤ ጥርሳችንን ሲያመን ግን «አስነቅዬው በተገላገልሁ» እንላለን። ባዳ ነዋ! ባዳ ደግሞ ሲያስቸግር ይሸኛል እንጂ አይታከምም።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ነው። አንድ ሐኪም «ይህ ጥርስ ሩት ካናል ያስፈልገዋል» ሲል፣ በእርግጥ ያስፈልገዋልን? ሩት ካናል የጥርስን የውስጥ ነርቭ አውጥቶ፣ በሥሮቹ ውስጥ ያለውን ቀጭን ቦይ አጽድቶና ሞልቶ ጥርሱን በቦታው የማቆየት ሕክምና ነው። ሰው በተለምዶ «ነርቭ ማስገደል» ይለዋል። ሕክምናው ራጅ፣ ቀጫጭን መሣሪያና ትዕግሥት ያለው እጅ ይሻል፤ አንዳንዴም በአንድ ቀጠሮ አያልቅም። ቦንጋ ለምንኖር ሰዎች ጥያቄው ከዚህም በላይ ይከብዳል። እንዲህ ያለ ምክር ሲሰጠን ብዙዎቻችን የምናስበው ጎጀብን ተሻግሮ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለውን ጅማን ነው፤ የጥርስ ሐኪሞችን የሚያሠለጥን ዩኒቨርሲቲ እዚያ አለና። አለዚያም ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን አዲስ አበባ እንገባለን። መንቀል ግን በቅርብ ይገኛል፤ በአንድ ቀንም ያልቃል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ «ሩት ካናል ያስፈልጋልን?» የሚለው ጥያቄ ሲተረጎም «ጥርሱ ይዳን ወይስ ይነቀል?» ማለት ነው። የመንገዱ ርዝመትና የኪሱ መሳሳት ሳይጠሩ ገብተው ድምፅ ይሰጡበታል።

እኔ የምለው ይህ ነው። ውሳኔው የሕመሙ፣ የኪሱ፣ ወይም የሐኪሙ ማዕርግ ብቻ መሆን የለበትም። ውሳኔው በጥርሱ ውስጥ ስላለው ነገር የቀረበ ማስረጃ መሆን አለበት። ሕመም ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም።

ለዚህ የራሴን አፍ በአብነት ላቅርብ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በግራና በቀኝ ያሉ ሁለት የታችኛው መንጋጋ ጥርሶቼ ሩት ካናል ያስፈልጋቸዋል ተባልሁ። ነገሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ፤ ራጁ አልታየኝም፣ ምክንያቱም አልተብራራልኝም። የቀኙ ጥርስ ቀዝቃዛ ውኃ በነካው ቁጥር ያስደነግጠኝ ነበር። የግራው ግን አንድ ሰሞን ሌሊት ሌሊት ሲነዘንዘኝ ከርሞ፣ ጸጥ ካለ ወራት ተቆጥረዋል። ወዳጆቼ ወዲያው ፍርድ ሰጡ፤ «የሚጮኸው ይታከም፤ ዝም ያለውማ ድኗል።»

ወደ ሌላ ባለሙያ ሄድሁ። ሐኪሟ በመጀመሪያ ጤነኛ ጥርሶቼን፣ ቀጥሎም የታመሙትን በቀዘቀዘ ጥጥ ነካኩ፤ በመሣሪያቸው ጫፍ ቀስ አድርገው መታ መታ አደረጉ፤ ከዚያም ራጁን ወደ ብርሃን አንሥተው አሳዩኝ። የቀኙ ጥርስ ቅዝቃዜው ሲነካው ዘለለ፤ ጥጡ ሲነሣለት ግን ሕመሙ በጥቂት ሰከንድ ጠፋ። መቦርቦሩ ጥልቅ ቢሆንም ነርቩ ዘንድ አልደረሰም። የግራው ቅዝቃዜውን ከነጭራሹ አላወቀውም፤ በራጁም ላይ በሥሩ ጫፍ ዙሪያ ጥቁር ጥላ ይታይ ነበር። አጥንቱ መበላት ጀምሯል ማለት ነው። የቀኙ ተጠርጎ ተሞላ፤ ሩት ካናል የተደረገለት የግራው ብቻ ነው። የሚጮኸው ሕያው ነበር፤ ዝም ያለው ሞቶ ነበር። በአንድ አፍ፣ በአንድ ቀን የተሰጠ አንድ ዓይነት ምክር ለአንዱ ጥርስ እውነት፣ ለሌላው ስሕተት ሆነ።

ቅኔ የሚወድ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሕመሙ ሰም ነው፤ ወርቁ የነርቩ ሁኔታ ነው። ሰሙን ብቻ የሰማ ሰው ሁለት ጊዜ ይታለላል፤ ሕያው ጥርስ ስለጮኸ ይነቅላል ወይም ነርቩን ያስወጣል፣ የሞተው ደግሞ ዝም ስላለ ይተወዋል።

ወርቁን ለመፈለግ የካፋ ሰው ከቤቱ ሁለት መፈተኛ አያጣም፤ ማርና ቡና። ማር ወይም ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው ውግት አድርጎ ወዲያው የሚተው ጥርስ ብዙውን ጊዜ ነርቩ የተቆጣ ቢሆንም ሊያገግም የሚችል ነው። መቦርቦሩ ተጠርጎ ቢሞላለት ሊበቃው ይችላል። ትኩስ ቡና ቀምሰን ሲኒውን ካስቀመጥን በኋላም ሕመሙ ለደቂቃዎች የሚቆይ ከሆነ፣ ወይም ጥርሱ ማንም ሳይነካው በራሱ ተነሥቶ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ ነርቩ የመዳኛውን መስመር አልፎ ሊሆን ይችላል። ሲኒው የሚሰጠን ፍንጭ ብቻ መሆኑን ግን አንርሳ። ፍንጩን ማጥራት ያለበት ሐኪም ነው፤ እሱም ቢሆን በአንድ ፈተና ብቻ አይፈርድም፤ ሁለት ሦስቱን አመሳክሮ ነው እንጂ።

ዝም ስላለው ጥርስ ጥቂት ልጨምር። ነርቭ ሲሞት ሕመሙ ይቆማል፤ ጀርሞቹ ግን በባዶው ቤት ውስጥ ኑሯቸውን ይቀጥላሉ። ቀስ ብለው በሥሩ ጫፍ ወጥተው ወደ አጥንቱ ይገባሉ፤ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላም እብጠት ሆነው ይመለሳሉ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ከመድኃኒት ቤት አሞክሲሲሊን ገዝቶ ይውጣል። እብጠቱ ሊቀንስ ይችላል፤ ምንጩ ግን አይደርቅም። መድኃኒት የሚጓዘው በደም ነው፤ ነርቩ በሞተ ጥርስ ውስጥ ደግሞ የሚዘዋወር ደም የለም። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ጥርሱን ራሱን ማከም በሚቻልበት ቦታ ለአብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ሕመሞች አንቲባዮቲክ እንዳይታዘዝ የመከረው ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው። ፊት ሲያብጥ፣ ትኩሳት ሲኖር፣ መዋጥ ወይም አፍ መክፈት ሲያቅት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያን ጊዜ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል መሮጥ እንጂ ሁለተኛ አስተያየት መፈለግ አያስፈልግም።

ጥርስን እንደ ባዳ የማየቱ ልማድ ከየት መጣ? በአገራችን የተቦረቦረ ጥርስ ውስጥ ትል አለ ይባል ነበር፤ ትሉ እንዲወጣም የእንቧይ ፍሬ ጢስ ይታጠናል። የሕፃናትን ድድ ፈልፍሎ ያልበቀለውን ጥርስ የማውጣት ልማድም፣ «ግግ ማስቧጠጥ» የምንለው፣ ከተቅማጥና ከትኩሳት ያድናል በሚል እምነት ብዙ ልጆችን ጎድቷል። ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የጥርስ ትል በጥንታዊቷ ባቢሎን የሸክላ ጽሑፍም ላይ ይገኛል። ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር በ1728 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጥርስ ሕክምና መጽሐፍ፣ ትሉን ፈልጎ እንዳላገኘው ጻፈ። እውነተኛው ጥፋተኛ በጉልህ የተለየው ግን ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የአይጦችን ጥርስ በስተው ነርቡን አጋለጡት። እንደ ማንኛውም አይጥ ከጀርም ጋር በሚኖሩት ላይ ነርቡ ሞተ፤ ፍጹም ከጀርም ነጻ በሆነ ቤት ባደጉት ላይ ግን ቁስሉ በራሱ ጊዜ ተደፈነ። እነሆ የሩት ካናል መሠረቱ ይህ ነው። ጥፋተኛው ጥርሱ አልነበረም፤ በውስጡ የገባው ጀርም ነው። እንግዳው ከወጣና በሩ ከተዘጋ ቤቱን ማፍረስ አያስፈልግም።

ይህን ስል ግን «የታዘዘ ሩት ካናል ሁሉ ይደረግ» ማለቴ አይደለም። የጥርስ ሕክምና ዕውቀት ራሱ ወደ ቁጥብነት እየሄደ ነው። የአውሮፓ የጥርስ ሥር ሐኪሞች ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአቋም መግለጫ፣ ጥልቅ መቦርቦር ባለበትና ነርቩ ሕያው በሆነበት ጥርስ ላይ፣ ነርቩ ዘንድ የደረሰውን የመጨረሻ ንጣፍ ሁሉ ካልጠረግሁ ብሎ ነርቩን ከማጋለጥ ይልቅ ጥቂቱን ትቶ በጥሩ ሁኔታ መሸፈንን መክሯል። ቀድሞ ያለ ጥርጥር ሙሉ ሩት ካናል ይታዘዝላቸው ከነበሩት ጥርሶችም አንዳንዶቹ ዛሬ የታመመው የላይኛው ነርቭ ብቻ ተቆርጦ የሥሩ ነርቭ በሕይወት እንዲቀር ይደረጋል። ሕያውን ነርቭ ያለ በቂ ምክንያት ማውጣትም የሞተውን የመተው ያህል ጥፋት ነው።

መንቀልም ሁልጊዜ ሽንፈት አይደለም። ሥሩ ቁልቁል የተሰነጠቀ ጥርስ፣ ወይም ከድድ በላይ የሚያቆመው አካል ያልቀረለት ጥርስ ቢታከምም ብዙ አይቆይም። ሩት ካናል የተደረገለት የመንጋጋ ጥርስም አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ሽፋን ይፈልጋል። ሽፋኑን የማሠራት አቅም ሳይኖር ለሥሩ ብቻ ከፍሎ መመለስ ጣሪያ ለሌለው ቤት ወለል እንደማንጠፍ ነው። በአንጻሩ የመንቀያው ዋጋ ብቻውን ሙሉ ሒሳብ አይደለም። ጎረቤት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ሊያዘነብሉ ይችላሉ፤ ማኘኩ ወደ አንድ ወገን ይዛወራል፤ የተነቀለውን መተካት ደግሞ ጥርሱን ከማዳን በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ዛሬ ርካሽ የመሰለ ውሳኔ ወለዱን ይዞ ነገ ይመጣል።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። በምሠራበት ቤት ካዝና በአንድ ሰው ቁልፍ አይከፈትም፤ ከፍ ያለ ክፍያም በአንድ ፊርማ አይወጣም። ሁለተኛው ፈራሚ የመጀመሪያውን ሌባ ነህ ማለቱ አይደለም። ሥራው እንዲህ ነው፤ የሰው ዓይን ይደክማልና። ሁለተኛ ሐኪም መጠየቅም እንዲሁ መታየት አለበት። ከእኛ ዘንድ ግን ሐኪምን መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ታማሚው «እርስዎ ያውቃሉ» ብሎ አንገቱን ይደፋል፤ ከደጅ ሲወጣ ደግሞ ለሐኪሙ ያላቀረበውን ጥርጣሬ ለጎረቤት ያቀርባል፤ ጎረቤትም «አስነቅለው» ይላል። በአክብሮት የተጠየቀ ጥያቄ ድፍረት አይደለም። ለእኔ አራት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ነርቩ ሕያው ነው ወይስ የሞተ፣ ይህስ በምን ታወቀ? ራጁን አብረን ልናየው እንችላለን? ከሕክምናው በኋላ ጥርሱን የሚያቆም በቂ አካል ቀርቶለታል፣ ሽፋንስ ይፈልጋል? ጥቂት ብጠብቅ ምን ይሆናል?

ለእነዚህ መልስ የሚሰጥ ሐኪም ባገኝ፣ ጅማ ድረስ ሂድ ቢለኝ እሄዳለሁ፤ ንቀለው ቢለኝም አስነቅላለሁ። መልስ የማይሰጠኝን ግን ምክሩ ትክክል ሊሆን ቢችል እንኳ ወዲያው አልቀበለውም። ምክንያቱ ያልተነገረኝ ውሳኔ በእኔ አካል ላይ የተወሰነ የሌላ ሰው ውሳኔ ነውና።

የግራው መንጋጋዬ ከታከመ በኋላ እነዚህን አራት ስንኞች ጽፌ ነበር፦

የጮኸው ጥርሴማ ሕይወት ነው ጩኸቱ፤
ዝም ባለው መንጋጋ አደፈጠ ሞቱ።
ሐኪም ሆይ አትቸኩል ምክንያቱን ንገረኝ፤
እኔም አልወስንም ሕመም ስለመከረኝ።

ጥርስ ባዳ ነው የተባለው ለሳቁ ይሁንለት፤ በሳቁ አልሟገትም። ሥሩ ግን ከአጥንታችን ጋር የተሰፋ፣ በደማችን የሚኖር የገዛ ሥጋችን ነው። ነርቡ ሲሞት እንኳ ከታከመ በቦታው ቆሞ እንጀራችንን ያላምጥልናል። እንዲህ ያለውን አገልጋይ ከማሰናበታችን በፊት፣ ወይም ሕያው ሆኖ ሳለ ሞቷል ብለን ከመፍረዳችን በፊት፣ ቢያንስ ማስረጃው ይታይለት።