አትክልት በእቁብ ሥርዓት

በዊንጌት አካባቢ ለጾም ቀን ጎመንና ቆስጣ የምትገዛ የቤት እመቤት ቅጠሉ መጠውለግ አለመጠውለጉን ታያለች፤ ዋጋም ትከራከራለች። በምን ውኃ እንዳደገ ግን እምብዛም አትጠይቅም። ብትጠይቅም ቸርቻሪዋ አታውቀውም። አትክልቱ የደረሳት በደላላ፣ በጅምላ ነጋዴና በችርቻሮ እጅ አልፎ ነው። አምራቹም በበኩሉ ምርቱን ማን እንደበላው አያውቅም።

ይህ አለመተዋወቅ ሁለቱንም ይጎዳል። በዐቢይ ጾም የአትክልት ፈላጊ ይበዛል፤ ፋሲካ ሲውል ገበያው ይቀዘቅዛል። ቆስጣ ደግሞ እንደ ጤፍ ጎተራ ገብቶ የተሻለ ዋጋ አይጠብቅም። አምራቹ ደላላው በሰጠው ዋጋ ይሸጥና ለቀጣዩ ወቅት ዘር መግዣ ሲያጣ ብድር ፍለጋ ይወጣል።

በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኬሚካል የተመረተ ምግብ ያሳሰባቸው እናቶች ከገበሬዎች ጋር በቀጥታ ተዋውለው ምርት መቀበል ጀመሩ። ሥርዓቱ ቴይኬይ ይባላል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1986 በማሳቹሴትስና በኒው ሃምፕሻየር ተመሳሳይ እርሻዎች ተጀመሩ። ቤተሰቦች ከወቅቱ በፊት ድርሻ ይገዛሉ፤ ምርቱ ሲደርስ በየሳምንቱ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። እቁብ ለለመደው የእኛ ሕዝብ ነገሩ እንግዳ አይደለም። መዋጮ አለ፣ ዳኛና ጸሐፊ አለ፣ መተማመን አለ። ልዩነቱ ዕጣው በየሳምንቱ ለሁሉም መውጣቱ ነው።

ለምሳሌ ያህል 30 አባወራዎች በወር 500 ብር ቢያዋጡ 15,000 ብር ይሆናል። በዚህ ገንዘብ ጥቂት ወጣቶች ዘርና የእጅ መሣሪያ ገዝተው ያለ ብድር ሥራ ይጀምራሉ። እርግጥ አባላቱ ኪሳራውንም ይጋራሉ። የክረምት በረዶ ሰላጣውን ቢመታው፣ የኅዳር ውርጭ ድንቹን ቢያቃጥለው የዚያ ሳምንት ቅርጫት ይጎድላል። ይህ በመጀመሪያው ስብሰባ በግልጽ ካልተነገረ በሦስተኛው ወር ጠብ ይነሣል። አምራቹም አንዴ ዘርቶ አንዴ መሰብሰቡን ትቶ ሰላጣውን በየሁለት ሳምንቱ እያፈራረቀ መዝራት፣ ጎመንና ቆስጣውንም ቅጠል በቅጠል እየቀጠፈ ለወራት ማቆየት ይጠበቅበታል።

ከሁሉም በላይ ግን የውኃው ጉዳይ ሊታሰብበት ይገባል። «ኦርጋኒክ» የሚለው ቃል በየሱቁ በቀላሉ ይለጠፋል፤ ይሁንና ሀገራችን ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 488 የደነገገችው የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አላት። ማዳበሪያው ኮምፖስት ስለሆነ ብቻ አትክልቱ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ከእንጦጦ ግርጌ ንጹሕ ሆነው የሚነሡ ወንዞች ከተማውን አቋርጠው አቃቂ እስኪደርሱ የመጸዳጃና የፋብሪካ ፍሳሽ ይቀላቀልባቸዋል። በአቃቂ ወንዝ ዳር በሚመረቱ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል፤ በተለይ እንደ ቆስጣና ሰላጣ ያሉ ቅጠላማዎቹ ብዙ ይይዛሉ። ጀርሙን በደንብ ማጠብ ይቀንሰው ይሆናል፤ ወደ ቅጠሉ ውስጥ የገባው ብረት ግን በሎሚም በኮምጣጤም አይለቅም። እንግዲህ ዊንጌትና አካባቢዋ ለወንዞቹ መነሻ መቅረባቸው ዕድል ነው፤ ዕድሉ የሚሠራው ግን ውኃው ከተመረመረ ብቻ ነው። የጉድጓድ ወይም የጣሪያ ውኃ የሚያጠራቅም አምራች ይህን ለአባላቱ ማሳየት ይችላል። አባላቱም እሑድ ጠዋት ልጆቻቸውን ይዘው ማሳውን ቢጎበኙ ከየትኛውም ማኅተም የበለጠ ይተማመናሉ።

የወረዳ አመራሮች ድርሻም አለ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት የከተማ ግብርናን አነቃቅቷል። ሆኖም ክፍት ቦታ ተሰጥቶት ጎመን የተከለ ወጣት ምርቱ ሳይደርስ «ቦታው ለሌላ ልማት ተፈልጓል» ከተባለ፣ አስቀድመው የከፈሉት 30 ቤተሰቦች ዳግም አይከፍሉም። ስለዚህ ወረዳዎች ሁለት ነገር እንዲያደርጉ እንጠይቃለን። ቦታው ቢያንስ እስከ ምርት መሰብሰቢያ እንደማይነካ በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ የመስኖ ውኃው ናሙና ተወስዶ ውጤቱ በማሳው በር ላይ ይለጠፍ። ሁለቱም የበጋ መስኖ ዘር ከመዘራቱ በፊት ቢጠናቀቁ አባላትን መመዝገብ ይቻላል።