የሴቶችን ልብ አስቀድሞ ስለ መመርመር

ጤና የሀብት ሁሉ መሠረት መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ቤተ ሰቡን ሁሉ የምታስታምም ሴት የራስዋን ሕመም የምትናገረው ከሁሉ በኋላ ነው።

በጌዴኦ ዞን በይርጋ ጨፌ ወረዳ የምትገኘው አሪቻ በቡናዋ ጥራት ስሟ እስከ ባሕር ማዶ የተጠራ ነው። ለዚህም ስም የሴቶች እጅ ትልቅ ድርሻ አለው፤ በመከር ወራት በማድረቂያው አልጋ ዙሪያ ቆመው ጉድለት ያለበትን ፍሬ አንድ ባንድ ለይተው የሚያወጡት እነርሱ ናቸውና። እንግዲህ ለአንዲት የቡና ፍሬ ይህን ያህል ምርመራ ሲደረግላት፥ የለቃሚይቱ ልብ ሳይመረመር ቢቀር ነውሩ የማን ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፥ በዓለም ላይ ሴቶችን ከማናቸውም ደዌ ይልቅ የሚገድለው የልብና የደም ሥር በሽታ ነው። ወደ አገራችን ሴቶችም በተለይ በሁለት መንገድ ይገባል። አንደኛው በልጅነት ጊዜ በቸልታ ከታለፈ የጉሮሮ ሕመም የሚመጣው ሩማቲክ የተባለው የልብ ሕመም ነው። ይህ ደዌ የልብን በሮች ያበላሻል፤ ብዙ ጊዜም ተሰውሮ ቆይቶ በእርግዝና ወራት ይገለጣል፤ ያን ጊዜ ለእናትም ለሕፃንም አደጋ ነው። ሁለተኛው የደም ግፊት ነው፤ ይኸውም ያለ ምልክት ለብዙ ዓመታት ይኖራል። በእርግዝናዋ ጊዜ ግፊት የታየባት ሴት፥ ከወለደች በኋላም ቢሆን ልብዋን ማስጠበቅ ይገባታል። ጨው ማብዛትና በጭስ የታፈነ ማድ ቤትም ጉዳቱን ያከብዱታል።

የትንፋሽ ማጠር፥ የእግር ማበጥ፥ ያለ ልክ መድከም፥ የደረት ወይም የጀርባ ሕመም ሲሰማት፥ «የሥራ ድካም ነው» ብላ ዝም የምትል ብዙ ናት። ዝምታው ግን ዋጋ ያስከፍላል። በ2001 ዓመተ ምሕረት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል መከፈቱ ታላቅ በጎ ሥራ ነው፤ ሆኖም ተራ የሚጠብቀው ሕመምተኛ ብዙ ነው፥ መንገዱም ከጌዴኦ ሩቅ ነው። ከዚህ ይልቅ የልጅን የጉሮሮ ሕመም በፔኒሲሊን በጊዜው ማሳከም፥ ልብዋ ለተነካውም በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ መርፌውን ሳያቋርጡ መስጠት እጅግ የቀለለ ነው። የደም ግፊትን መለካትም ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

ስለዚህ አሳባችን ይህ ነው። ሴቶች ለምርመራ ሥራቸውን ፈትተው እስኪመጡ ከመጠበቅ፥ መለኪያው ራሱ ወደ ተሰበሰቡበት ይሂድ። በቡና ለቀማ ወራት የወረዳው ጤና ሠራተኞች ወደ ማጠቢያው ጣቢያ ወጥተው የእያንዳንዷን ግፊት ይለኩ፥ ልብዋንም ያድምጡ፤ ጥርጣሬ የተገኘባትን ወደ ዲላ ሆስፒታል ይላኩ። የጣቢያው ባለቤቶች የሰዓቱን ደመወዝ ሳይቀንሱ ይፍቀዱ። ባሎችም ሚስቶቻቸውን ሂጂ ብለው ያበርቱ።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ይህን ምክር በሥራ የምናውለው፥ የቤቱ ምሰሶ ከወደቀ በኋላ ሳይሆን ገና ቆሞ ሳለ ሊሆን ይገባል።