ስለ አሮጌ አውቶሞቢል አልተርኔተር አመራረጥ

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልጆች አስተዳደግ ስንጽፍ መቆየታችን የታወቀ ነው። ዛሬ ስለ አንድ የአውቶሞቢል ዕቃ ልንጽፍ ስንነሣ፤ ይህስ የመካኒክ እንጂ የቤተ ሰብ ጉዳይ አይደለም የሚለን ሰው ይገኝ ይሆናል። ዳሩ ግን ልጆቹን አሳፍሮ በሌሊት የሚሄድ ሰው የመኪናው መብራት ቢጠፋበት፤ ጨለማው የሚወድቀው በቤተ ሰቡ ሁሉ ላይ ነው።

ይህንም የምንለው ደርሶብን ስላየነው ነው። በሐምሌ ወር ከደብረ ብርሃን ለቅሶ ደርሰን ከእናታችንና ከልጆቻችን ጋራ ወደ አዲስ አበባ እንመለስ ነበር። ከዚያ አስቀድሞ የአሮጌው ቶዮታችን አልተርኔተር ተበላሽቶ፤ ከመኪና የተነቀለ ሌላ በርካሽ ገዝተን አስገጥመን ነበር። ብሎኑ ልክ ገባ፤ ቀዩም የማስጠንቀቂያ መብራት ጠፋ፤ እኛም ነገሩ ተፈጸመ ብለን ደስ አለን። ቀን ቀን ስንነዳው ምንም አልታየበትም። በዚያች ሌሊት ግን ዝናብና ጭጋግ ስለ ነበረ የፊት መብራቱን፤ የዝናብ መጥረጊያውንና የመስተዋቱን ማድረቂያ አየር አብረን ከፍተን በዝግታ ሄድን። ሁለት ሰዓት ያህል ከተጓዝን በኋላ መብራቱ እየደከመ እንደ ጧፍ ሆነ፤ ሞተሩም ጠፋ። ልጆቹን አውርደን ከመንገዱ ርቀን በዝናብ ቆምን። እናታችን በነጠላቸው ልጆቹን ሸፍነው ምንም አልተናገሩም፤ ዝምታቸው ግን ከተግሣጽ ይልቅ ከበደን። የእግዚአብሔር ቸርነት ሆኖ አንድ የጭነት መኪና ነጂ በጊዜ አይቶን ቆመና ጎትቶ አዳነን። በማግሥቱ ሲለካ ያ የገዛነው ዕቃ ከ20 አምፔር በላይ የማይሰጥ ሆኖ ተገኘ።

የነገሩ ምክንያት እንዲህ ነው። ባትሪ ጎተራ ነው፤ አልተርኔተር ግን አራሹ ነው። አራሹ ከሚያገባው ይልቅ ቤቱ የሚበላው ከበለጠ፤ ጎተራው ለጊዜው ይሸፍናል እንጂ ማለቁ አይቀርም። ስለዚህ አልተርኔተር የሚመረጠው በዋጋው ወይም በብሎኑ መግጠም ሳይሆን፤ መኪናው በክፉ ሌሊት በሚፈልገው ኃይል ልክ ነው።

ሒሳቡም ቀላል ነው። ባለ 12 ቮልት በሆነ አሮጌ መኪና፤ ሁለቱ የፊት መብራቶች እያንዳንዳቸው 55 ዋት ቢሆኑ 110 ዋት ይሆናሉ። የኋላና የጎን መብራት 30፤ መጥረጊያው 60፤ የአየር ማራገቢያው 120፤ የሞተሩ እሳት 40 ያህል ቢፈጅ፤ ድምሩ 360 ዋት ነው። ይህን በ13.5 ቮልት ስናካፍለው ወደ 27 አምፔር ይመጣል። ባትሪውን መልሶ ለመሙላት 10 አምፔር ብንጨምርበት 37 ይሆናል። በዕቃው ላይ የተጻፈው ቍጥር ደግሞ ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር የሚገኘው ነው፤ መኪናው ቆሞ ሲሠራ እኩሌታውን እንኳ ላይሰጥ ይችላል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ መኪና ከ55 እስከ 60 አምፔር ያለውን መምረጥ ይገባል። አምፔሩ ሲበዛ ባትሪ ያቃጥላል የሚሉት ስሕተት ነው፤ ባትሪን የሚጎዳው ከልክ ያለፈ ቮልት ነውና። ነገር ግን ብዙ አምፔር ያለው ሲገጠም ወደ ባትሪው የሚሄደው ሽቦ እንዲወፍር ያስፈልጋል፤ ቀጭን ሽቦ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ከመግዛት በፊት ቺንጋው አለመላላቱን፤ የባትሪውም ማሰሪያ አለመዛጉን መመርመር ይገባል፤ ጤነኛ አልተርኔተር በእነዚህ ጥፋት የተጣለበት ጊዜ ብዙ ነው። የቀድሞው ዕቃ አካሉና ጥቅልሉ ደኅና ከሆነ፤ ካርቦኑን፤ ኩሽኔታውን፤ ዲዮዱንና ሬጉሌተሩን ማሳደስ ምንነቱ ያልታወቀ ሌላ ከመግዛት ይሻላል። መግዛት ግድ ሲሆን ግን አሮጌውን በእጅ ይዞ መሄድ መልካም ነው። የፑሌጃው ስፋት፤ የጆሮው አቀማመጥና የሽቦው መሰኪያ ይመሳከር፤ ሬጉሌተሩም በውስጥ ወይም በውጭ መሆኑ ይጠየቅ። ሻጩም ዕቃውን በመፈተኛ ላይ አዙሮ፤ ጭነት ሰጥቶ፤ አምፔሩን በዓይናችን ያሳየን።

ከተገጠመም በኋላ ቀዩ መብራት ጠፋ ብሎ መተው የእኛን ስሕተት መድገም ነው። ሞተሩ ሲሠራ በባትሪው ጫፎች ላይ ቢለካ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ያህል ሊገኝ ይገባል፤ መብራት፤ መጥረጊያና ማራገቢያ አብረው ሲከፈቱም፤ ሞተሩ ጥቂት ፈጠን ብሎ ሳለ፤ ከ13.5 ብዙ መውረድ የለበትም። አንዳንድ ሰዎች ለመፈተን ብለው ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ሽቦ ይነቅላሉ፤ ይህ ዲዮዱን ሊያቃጥል ስለሚችል ማንም እንዳያደርገው እንመክራለን።

አምስቱ ሰነፎች ደናግል የጎደላቸው ማሰሮው ውስጥ ያለው ዘይት ነበረ እንጂ መብራቱንስ ይዘው ነበር። ክረምት ከመግባቱ አስቀድሞ፤ የቤተ ሰብ አባት ሁሉ መኪናውን አንድ ማታ በግቢው ውስጥ አቁሞ፤ መብራቱን ሁሉ ከፍቶ፤ ይህን ልኬት ቢያስለካ በመንገድ ከሚመጣ ብዙ ጭንቅ ይድናል።