ሕመሙን ለአየር መንገዱ እንንገር

ኦሃዮ ውስጥ ዌስተርቪልና ኮሎምበስ ያለን ሐበሾች እናት አባት ወደ አገር ቤት ስንሸኝ አስቀድመን የምንጠይቀው ዊልቸር ነው። ቋንቋ የማያውቁ እናት ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ የመሳፈሪያው በር እንዳይጠፋባቸው ነው፤ አገልግሎቱም ነጻ ነው። ልባቸው መድከሙን ወይም ሳንባቸው ውኃ ቋጥሮ ሆስፒታል ተኝተው መውጣታቸውን ግን እንደብቃለን። «ከነገርናቸው ይመልሷቸዋል» እንላለን። ይህ ልማድ ያስፈራኛል።

አውሮፕላን ሲበር ውስጡ ያለው የአየር ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ላይ እንዳለው ነው። ዌስተርቪል ደግሞ ከባሕር ወለል 300 ሜትር እንኳ አይሞላም። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲቀንስ ጤነኛ ሰው አያስተውለውም፤ የታመመ ሳንባ ግን ያንን የሚሸፍንበት ትርፍ አቅም የለውም። ከዱለስ አዲስ አበባ ደግሞ 13 ሰዓት ገደማ ነው።

የኛ ጉዞ የባሰ የሚከብድበት ሌላም ምክንያት አለ። ሌላው መንገደኛ ሲያርፍ ወፍራም አየር ያገኛል። ቦሌ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የውስጥ ግፊቱ ወደ 1,800 ሜትሩ በሚጠጋው ድሪምላይነር አውሮፕላን የሄደ ታማሚ በበረራ ላይ ከነበረበት ይልቅ ሲወርድ አየሩ ይሳሳበታል። «ተወልደው ያደጉበት አየር ነው» የሚለው ማጽናኛም አይሠራም፤ ኦሃዮ የከረመ ሰውነት የደጋውን ልምድ ይረሳል።

የራስን የኦክስጅን ሲሊንደር ይዞ መሳፈር አይቻልም። የሚፈቀደው በባትሪ የሚሠራው የኦክስጅን መሣሪያ ነው፤ በአሜሪካ ሕግ አየር መንገዱ የበረራውን ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ የሚበቃ ባትሪ መጠየቅ ይችላል። ለ13 ሰዓት በረራ ወደ 20 ሰዓት መሆኑ ነው! ይህን ያህል ባትሪ ሻንጣ በሚዘጋበት ሌሊት የሚገኝ ነገር አይደለም። ሐኪሙ የሚሞላው የጤና ቅጽ ያለው ለዚህ ነው። የአየር መንገዱ ሐኪሞች አይተውት «ሁለት ሳምንት ይቆዩ» ቢሉ፣ ቲኬት ማዛወር ሰማይ ላይ ከመታፈን ይሻላል።

የሚከብደኝ «አገሬ ገብቼ ልሙት» የሚሉ አዛውንት ጉዳይ ነው። ቤተሰብ ከሁሉ አብልጦ የሚደብቀው የእነሱን ሕመም ነው፤ ከሁሉ ይልቅ መነገር ያለበትም እሱ ነው። መቀመጥ ለማይችል ሰው አልጋ የሚያዘጋጁ አየር መንገዶች አሉ፤ ነገር ግን የብዙ ወንበር ዋጋ፣ አስታማሚና የሐኪም ወረቀት ይፈልጋል። ስለዚህ አባት ገና ተደግፈው መቀመጥ ሳይሳናቸው፣ ቲኬቱም ሳይቆረጥ፣ ሐኪማቸውን ስለ በረራው እንጠይቅ።