ቀጣሪ የሌላቸው ሠራተኞች

ዓለም የሕፃናትን ጉልበት ብዝበዛ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. አጠፋለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። ዓመቱ ሲደርስ የዓለም ሥራ ድርጅትና ዩኒሴፍ 138 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ዛሬም እየተበዘበዙ መሆናቸውን አስታወቁ። አገራችንም የድርሻዋን ፈርማለች። ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ የሚወስነውን ስምምነት ቁጥር 138 በ1991፣ አስከፊ ሥራዎችን የሚከለክለውን ቁጥር 182 በ1995 ዓ.ም. አጽድቃለች። አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል።

ይህን ሕግ ይዘን ወደ አዲስ አበባው ዘነበወርቅ እንምጣ። ከአለርት ሆስፒታል ብዙ ሳይርቅ ቆሼ የሚባለው የቆሻሻ ክምር አለ። ማዳበሪያ ከረጢት ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ጫፉ በቆለመመ ብረት ቆሻሻ እየጫረ ሃይላንድ የሚለቅመውን ልጅ ማን ቀጠረው? ማንም። የለቀመውን በኪሎ አስመዝኖ ይሸጣል፣ በቃ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ሲቀብር ሕፃናትም አብረው ተቀብረዋል።

ከእሱ ይልቅ የተደበቀችው ግን በየግቢያችን ያለችው ናት። ከአቅሟ በላይ የከበዳትን ጀሪካን እየጎተተች ስትገባ “ማን ናት?” ብላችሁ ጠይቁ። “የዘመድ ልጅ ናት፤ ላስተምራት ብዬ ነው ያመጣኋት” ይሏችኋል። አንዳንዱ እውነቱን ነው፤ ማታ ትምህርት ቤት ይልካታል። ሕፃን አዝላ፣ ልብስ አጥባ፣ ወጥ ሠርታ የዋለች ልጅ ግን ክፍል ገብታ ከማንቀላፋት በቀር ምን ትማራለች? አዋጁ ደግሞ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን አይመለከትም፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ያውጣለት ብሎ አልፎታል።

እኔ እንደማምነው፣ ልጆቹ የሚያመልጡን ሕጉ አሠሪ ፍለጋ ስለሚነሳ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 እኮ ከማንኛውም በዝባዥ ልማድ የመጠበቅ መብትን የሰጠው ለእያንዳንዱ ሕፃን ነው፤ ቀጣሪህ ማን ነው ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ ወረዳው ቤት ለቤት ይሂድ፤ ትምህርት ቤት ያልገባውን ልጅ በስሙ ይወቀው። በ2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተስፋፋው የተማሪዎች ምገባ ከስንት ስምምነት የበለጠ ሠርቷል ብል አላጋነንኩም። ቁርስና ምሳ ያለው ትምህርት ቤት ከቆሼ ጋር መፎካከር ይችላል።

ለእናንተ ለአንባቢዎቼም የምለው አለኝ። ቤታችሁ ከ15 ዓመት በታች የሆነች ልጅ የምትሠራ ከሆነ ነገ አታባርሯት፤ መሄጃ የላትም። ዩኒፎርም ግዙላትና ከልጆቻችሁ ጋር በቀን ትማር።